ጭቃ ውስጥ ቆመው የተጠሙ ችግኞች

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት 22 የቲማቲም ችግኝ ገደልኩ። ያን ዕለት ግን አላወቅኩም። እንዲያውም ሥራዬን ጨርሼ እጄን ስታጠብ ደስ ብሎኝ ነበር።

ችግኞቹን ከዘር ጀምሮ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ትሪ ላይ ተጠጋግተው በቀሉ። ከመንታዎቹ የዘር ቅጠሎች በላይ እውነተኛ ቅጠላቸውን ሁለት ሁለት ሲያወጡ፣ ለየብቻቸው ወደ ፖት የማዛወሪያው ጊዜ ደረሰ። በጠቅላላው 24 ነበሩ። 22ቱን እንዳዛወርኩ ፖት አለቀብኝና ሁለቱ ትሪው ላይ ቀሩ። እነዚህን ሁለቱን ለጊዜው ያዙልኝ።

በጥንቃቄ አልሠራሽም የሚለኝ ሰው ቢኖር እጣላው ነበር። አንድ በአንድ ግንዳቸውን በሁለት ጣቴ ይዤ ነቀልኳቸው። ሥራቸው ላይ የተጣበቀውን አሮጌ አፈር አራገፍኩ። አልራገፍ ያለውን በውሃ አለቀለቅኩት፤ አዲስ ቤት ሲገቡ በንጹህ እግር ይግቡ ብዬ። ትልልቅ ፖት መረጥኩላቸው፤ ሌላ ጊዜ ከማንገላታቸው አሁኑኑ ይስፋቸው ብዬ። እንዳይወድቁ ብዬ አፈሩን በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅኩት። ከዚያ አጠጥቼ፣ ፀሐይ ይሙቁ ብዬ መስኮቱ ሥር ደረደርኳቸው። እዚህች አንቀጽ ውስጥ ያለውን ስህተት ዛሬ ስቆጥር አምስት ይደርሳል። ግን አብዛኞቹ አንድ አንድ «ብዬ» አላቸው።

ከሰዓት በኋላ አንገታቸውን ደፉ። ውሃ ጨመርኩ። ማታም ጨመርኩ። እሑድ ጠዋትም። ታናሽ ወንድሜ መጥቶ ከፖቶቹ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አየና «በይ ትንሽ ጨምሪላቸው፣ ዋና እስኪለምዱ» አለኝ። ተናደድኩበት። ካልጠማቸው ታዲያ ለምን ይጠወልጋሉ? እሱም መልስ አልነበረውም። መሳቅ ብቻ።

ግራ ያጋባኝ ግን የሰኞው ነገር ነው። ገና ሳይነጋ ብነሳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዳኑ! ወንድሜ ጋ ደውዬ ፎከርኩበት። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ መስኮቱን ስትነካ እንደገና ተኙ። ማክሰኞም እንደዚያው፤ በሌሊት የሚነሱት ብቻ እየቀነሱ ሄዱ። አፈሩ እኮ ጭቃ ነው። ጭቃ ውስጥ የቆመ ነገር እንዴት ይጠማዋል? ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳይቀር ይሄንኑ ነበር የማስበው።

ረቡዕ ማታ

ረቡዕ ማታ አንዱን ነቀልኩት። ከሁሉም የባሰበትን፣ ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ ቡናማ ሆኖ የቀጠነውን። ጉልበት አልጠየቀኝም፤ እንደ ክር ተንሸራትቶ ወጣ። አፈሩ የከረመ ውሃ ይሸታል። ሥሩን መብራት ሥር ይዤ አየሁት። ሦስት አራት ራቁት ክሮች ናቸው። ጫፋቸው የለም። አንዷን በጥፍሬ ስነካት ላይኛው ሽፋኗ እንደ ካልሲ ወለቀ፤ በእጄ የቀረው ውስጧ ያለው ቀጭን ጅማት ብቻ ነው።

ትሪው ላይ የቀሩት ሁለቱ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ዞር ብዬ አላየኋቸውም። ውሃ እንኳን አልሰጠኋቸውም። ሄጄ ሳይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጭራሽ ሦስተኛ ቅጠል ጀምረዋል። የተንከባከብኳቸው እየሞቱ የረሳኋቸው ያድጋሉ። ሰው በዚህ እንዴት አይናደድ!

አንዱን በማንኪያ እጀታ ከሥር ገፋ አድርጌ ከነጓሉ አወጣሁት። ጓሉ የአውራ ጣት ያህላል። ወደ ዓይኔ አቀረብኩት። ሥሩ የትሪውን ግድግዳ ታክኮ ባደገበት ጎን፣ አፈር ባልሞላው ክፍተት ላይ፣ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። ሻጋታ መስሎኝ በጣቴ ልጠርገው ነበር። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ተውኩትና የስልኬን ካሜራ አቅርቤ አጎላሁት። ሻጋታ አይደለም። ከሥሩ ዙሪያ የወጣ፣ እንደ ቬልቬት ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ነው። ጓሉን ሳዞረው ደግሞ ፀጉሩ አይታይም፤ እያንዳንዷን የአፈር ቅንጣት ይዞ ውስጧ ተደብቋል። አፈሩ ሥሩ ላይ ተጣብቆ አይደለም የቀረው። ሥሩ ነው አልለቅም ብሎ የያዘው።

ከጓሉ ጥግ ትንሽ አፈር በቀስታ ሳብ አደረግኩ። ቅንጣቶቹ ፀጉሩን ይዘው ወደቁ። እዚያች ጥግ ላይ የቀረው ሥር ራቁት ክር ሆነ፤ ልክ እንደ 22ቱ። ቅዳሜ ቆሻሻ ብዬ በውሃ ያለቀለቅኩት ይሄ ነበር ማለት ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እነዚህ የሥር ፀጉሮች እያንዳንዳቸው የአንድ ሴል ተቀጥላ ናቸው። ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ የቀናት፣ ቢበዛ የሳምንታት። ሥሩ ባደገ ቁጥር ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ አዲስ ፀጉር ይወጣል፣ የኋላው ይረግፋል። ስለዚህ የሥሩን ጫፍ የበጠሰ ሰው የነገውንም ፀጉር አብሮ በጥሷል። እ.ኤ.አ. በ1937 ሃዋርድ ዲትመር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ሣጥን ውስጥ አራት ወር ያደገ አንድ የራይ ተክል ወስዶ ሥሩን አጥንቷል። ራይ የስንዴ ዘመድ ነው። የሥር ፀጉሮቹን ከናሙና ተነስቶ ሲያሰላ ወደ 14 ቢሊዮን መጡለት። ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠሙ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። የእኔ የጣት ቁመት ያላቸው ቲማቲሞች ከዚህ ጋር አይወዳደሩም። ቢሆንም ቁጥሩን ሳነብ ቧንቧ ሥር ይዤ ያጠብኳት እያንዳንዷ ሥር ታወሰችኝ።

ገቢው ቆሞ ወጪው ሲቀጥል

ሥሩ እንዲህ ሲሆን ቅጠሉ ሥራ ላይ ነው። ቅጠል ምን ያህል ውሃ እንደሚያወጣ በሚዛን የለካው እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1724 ቁመቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያለፈ የሱፍ አበባ በፖት ተክሎ፣ ከአፈሩ ውሃ እንዳይተን ላዩን ከድኖ፣ ጠዋትና ማታ ይመዝነው ነበር። ተክሉ በአንድ ቀን በአማካይ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ተክል በሥሩ ከሚስበው ውሃ ከ90 በመቶ የሚበልጠው መጨረሻው እንዲህ መትነን ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን እዩት። ገቢው ቆሟል፤ ወጪው ፀሐይ እስካለች ድረስ ይቀጥላል። ቅጠሉ ውሃ እንዳያልቅበት ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም የሚገባው በእነዚያው ቀዳዳዎች ነው። ሲዘጉ ምግብ መሥራት ይቀንሳል። ምግብ ከሌለ ደግሞ አዲስ ሥር በምን ይሠራል? የሰኞው እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ተፈታልኝ። ሌሊት ወጪው ስለሚቀንስ፣ ከመታጠብ የተረፈችው ሥር ቀስ እያለች ጉድለቱን ትሞላለች። ሲነጋ ቀጥ ይላሉ። ረፋድ ላይ ኪሳራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ባለሙያዎች ትራንስፕላንት ሾክ ይሉታል፤ የዝውውር ድንጋጤ እንበለው። እኔ ይሄን ድንጋጤ የሚለውን ቃል አልወደውም። ለደነገጠ ሰው ውሃ ስጡት ነው የሚባለው። ያሳሳተኝም ይሄው ሳይሆን አይቀርም። ኪሳራ ቢሉት ኖሮ መጀመሪያ ወጪውን መቀነስ ነበር የማስበው።

ደግሞ ውሃዬ ከንቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጎድቷቸዋል። ሥር ይተነፍሳል፤ በአፈር ቅንጣቶች መሃል ያለው አየር ያስፈልገዋል። ያንን ክፍተት ግማሹን በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅኩት፣ የተረፈውን በውሃ ሞላሁት። የቆሰለ ሥር አየር የሌለው ጭቃ ውስጥ ይበሰብሳል። እንደ ካልሲ የወለቀው ሽፋን የዚያ ውጤት ነው።

ከአያያዝ ይቀደዳል

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ሲባል እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ ልብስ ነበር። አሁን ችግኝ ነው የሚታየኝ። ችግኝ የሚያዘው በቅጠሉ ነው፤ ያውም በዘር ቅጠሉ። መጀመሪያ ሳነበው አላመንኩም። ቅጠል ይበጠሳላ! አዎ፣ ይበጠሳል። ግን አንድ ቅጠል ቢበጠስ ሌላ ይወጣል፤ ግንዱ ግን ያው አንድ ነው። ለስላሳ ግንድ በሁለት ጣት መሃል ሲጨፈለቅ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ውስጡ ያሉት ውሃ የሚወጣባቸው ቧንቧዎች ግን ተደፍጥጠዋል። በሦስተኛው ቀን እዚያችው የተያዘችበት ቦታ ላይ ታጥፋ ትወድቃለች። እኛም በሽታ እንላታለን።

ውሃ የማጠጣው አሁን ከጉዞው በፊት ነው። አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብዬ። ደረቅ አፈር ሲነካ ይፈረፈርና ፀጉሩን ይዞት ይወርዳል። ጭቃ የሆነ አፈር ደግሞ ከክብደቱ የተነሳ ተገንጥሎ ይወድቃል። በመካከል ያለው፣ ስትጨብጡት ቅርፁን የሚይዝ ነገር ግን ውሃ የማይንጠባጠብበት፣ ጓሉ ሳይፈርስ ይወጣል። አዲሱንም አፈር እንደዚሁ አስቀድሜ አረጥበዋለሁ። ደረቅ ከሆነ ከጓሉ ላይ እርጥበቱን ይስብበታል።

ተጠጋግተው የበቀሉትን ለመለየት መጎተት ትቻለሁ። ከማዛወሬ አንድ ሳምንት ቀደም ብዬ በመሃላቸው በስለታም ቢላ አፈሩን ካሬ ካሬ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። አዎ፣ ሥር ይቆረጣል። ግን ሥሩ የሚቆስለው እዚያው የለመደው ቦታ ላይ ነው፤ የሚያገግመውም እዚያው። በሳምንቱ እያንዳንዱ የራሱን ጓል ይዞ ይነሳል። ይሄን ዘዴ እንዴት እንደወደድኩት!

ስለ ፖቱ ስፋት ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ በዋናነት ከራሴ ጋር። ትልቅ ፖት ደግነት ይመስላል። ትንሿ ሥር ግን ያን ሁሉ አፈር ውስጥ ያለውን ውሃ ጠጥታ አትጨርሰውም። ሥር ያልደረሰበት አፈር ለቀናት እንደረጠበ ይቆያል፣ አየር ያጣል። ከጓሉ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከሰፋ ይበቃል። ሲሞላ ደግሞ ወደሚቀጥለው። «ሌላ ጊዜ ከማንገላታቸው» የሚለው ሐሳቤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር። ከነጓሉ የተዛወረ ችግኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢዛወርም ብዙ አይጎዳም።

ፖት ታች ጠጠር ማንጠፍም ትቻለሁ። ውሃውን ያሳልፋል ብዬ ለዓመታት ሳነጥፍ ኖሬያለሁ። ውሃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር ቶሎ አይወርድም። አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል። ስለዚህ ጠጠሩ የሚያደርገው ረግረጉን ከፍ አድርጎ ወደ ሥሩ ማቅረብ ነው። ቀዳዳ ያለው ፖት ካለ ጠጠሩን ተዉት።

ጥልቀቱ እንደ ተክሉ ነው። ቲማቲም እስከ ዘር ቅጠሉ ቢቀበር ደስ ይለዋል፤ ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ሰላጣ ግን መሃል ልቡ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ዱባና ኪያር ሥራቸው ሲነካ ቶሎ ስለሚያኮርፉ ከመጀመሪያው ለየብቻ ፖት ውስጥ እዘራቸዋለሁ። ካሮትን ጭራሽ አላዛውርም፤ የምንበላው ራሱ ሥሩ ነው፣ ከተነካ ተጣሞና ተሰነጣጥቆ ይወጣል። ማዳበሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል አይነካቸውም። ማዳበሪያ ማለት ጨው ነው፤ ቁስል ላይ ጨው ማንም አይነሰንስም።

የፌስታል ቤት

ወጪ መቀነሻው ጥላ ነው። አሁን የማዛውረው አመሻሽ ላይ ወይም ደመናማ ቀን ነው፤ ከፊታቸው ሌሊት እንዲኖር። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማትደርስበት ቦታ ይቆያሉ። ሥራቸው ብዙ የተጎዳባቸውን ደግሞ በስስ ፌስታል እሸፍናቸዋለሁ። ቅጠሉን እንዳይነካው ሁለት እንጨት እሰካለሁ። ውስጡ ያለው አየር እርጥበት ሲጠግብ ቅጠሉ የሚያወጣው ውሃ ይቀንሳል።

ይሄ የቆየ ብልሃት ነው። ናትናኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1829 የእሳት ራት እስክትፈለፈል ለማየት ጠርሙስ ውስጥ እርጥብ አፈር አድርጎ ከድኖ አስቀመጠ። ከአፈሩ ላይ ግን ፈርን የሚባል የጥላ ተክልና ሣር በቀሉበት። በአትክልት ስፍራው ፈርን አልበቅል ብሎት የቆየ ሰው ነው። ነገሩ ገባውና ተክል የሚይዙ የመስታወት ሣጥኖች አሠራ። በ1833 ተክሎች ሞልቶባቸው በመርከብ ወደ ሲድኒ ላካቸው። ወራት ከፈጀ የባሕር ጉዞ በኋላ ተክሎቹ በሕይወት ደረሱ። የእኔ ፌስታል ያንን ያህል ርቀት አይሄድም፤ ከጠረጴዛ እስከ መስኮት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ፌስታል ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ችግኝ ይቀቀላል። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ቤት ውስጥ ያደገውን ውጭ ማስለመድ ሌላ ጣጣ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመሩ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን መሄድ ነው። ነፋሱም ፀሐዩም አዲስ ነው ለእነሱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔም በሌላ ወቅት አፍሼ ለቅሜያለሁ፣ እዚህ ግን አልገባበትም።

እጅን መሰብሰብ

ያን ረቡዕ ማታ በእጄ የያዝኩትን ችግኝ፣ ከጥጉ አፈር የሳብኩበትን፣ ከነጓሉ ትንሽ ፖት ውስጥ አስገባሁት። አልጠቀጠቅኩም። ፖቱን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረግኩት፤ አፈሩ በራሱ ተቀመጠ። አንዴ አጠጥቼ መደርደሪያው ጥግ፣ ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ አኖርኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ቅጠሉ ዘመም አለ። አንድ ብቻ። ግን ቅዳሜም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ማጠጫውን ይዤ ሄድኩ። ልጨምርለት? ትንሽ፣ ጠብታ እንኳን? ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ እርጥብ ነው። ፖቱን አነሳሁት፤ እንደትናንቱ ይከብዳል። ውሃ አለው። የጎደለው መጠጫው ነው፤ እሱን ደግሞ ከእሱ በቀር ማንም አይሠራለትም። ማጠጫውን ይዤ ተመለስኩ። እውነቴን ነው፣ ከጠቅላላው ሥራ ይሄኛው ነው የከበደኝ። አጠጥቶ መሄድ ቀላል ነው፤ ቢያንስ አንድ ነገር አድርጌያለሁ ይባላል።

ወንድሜ እሑድ መጣ። 22 ባዶ ፖቶች ተደራርበው ሲያይ ምንም አላለም። ለእሱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን አየና «ይሄኛው ዋና አልተማረም?» አለኝ።

«አልተማረም።»

«አጠጥተሽዋል?»

«ሐሙስ አላጠጣሁትም። ዓርብም አላጠጣሁትም።»

በ12ኛው ቀን ጠዋት ክብደቱን ለማየት ፖቱን አነሳሁት። ቀለል ብሎኛል። ከፍ አድርጌ ከታች ሳየው፣ በአንደኛው ቀዳዳ ነጭ የሥር ጫፍ ብቅ ብላለች። ከጫፏ ትንሽ ከፍ ብሎ ያ ጭጋግ የመሰለ ፀጉር አለ። በጣቴ አልነካኋትም። አጠጣሁትና፣ ከተደራረቡት ፖቶች መሃል አንድ ቁጥር ከፍ የሚለውን መፈለግ ጀመርኩ።